የአነፍናፊዋ ድንጋይ

ጋሽ ደምመላሽ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት ጣሪያቸው ላይ የሚበራውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እሺ፣ አለሁ ማለት ነው» ይሉና ይነሳሉ።

ቁጥሩን የምታበራው አነፍናፊዋ ናት። አነፍናፊ በየቤቱ ጣሪያ ላይ የምትሰቀል፣ የድስት ክዳን የምታህል ነገር ናት፤ ጭስ ሲሸታት ትጮኻለች፣ የሰው ትንፋሽ ሲሸታት ትቆጥራለች። የሰገነት ሰባት ሕንፃ ነዋሪ «ካሜራ አይየን» ብሎ ካሜራውን ሁሉ ካስነቀለ ወዲህ፣ ዘበኛው፣ ማለትም የሕንፃው ኮምፒውተር፣ ማን በሕይወት እንዳለ የሚያውቀው በእሷ ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋም መሥራት ስላለባት በባትሪ ነው የምትኖረው። ባትሪዋ የምስር ፍሬ ታህላለች፣ አሥር ዓመት ትቆያለች፤ ሰው ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ ድንጋይ ነው የሚላት።

እንግዲህ የጋሽ ደምመላሽ አነፍናፊ ድንጋይ ጨረሰች።

ነገሩ ቀላል ነበር። አዲሷ ድንጋይ በዕቃ ቱቦ መጥታላቸው ኪሳቸው ውስጥ ናት። ወንበር ላይ መውጣት፣ ክዳኗን ወደ ግራ ማዞር፣ አሮጌዋን አውጥቶ አዲሷን መክተት፣ አለቀ። ይህን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሕንፃው ሲሠራ አሥራ አንድ ሺህ አነፍናፊ በገዛ እጃቸው የሰቀሉ ሰው ናቸው። ምን ያደርጋል፣ ያኔ ጉልበት ነበር። አሁን ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸው ወንበር ቀርቶ አንዲት ደረጃ አያስወጣቸውም። የሕንፃው የጥገና ማሽኖች ደግሞ ደጃፍ አልፈው አይገቡም። ደንቡ የቤት ውስጥ ሥራ የባለቤቱ ነው ይላል።

ጢው አለች አነፍናፊዋ። በየደቂቃው ጢው።

በሁለተኛው ቀን ከጎናቸው ያለችውን የወይዘሮ ጥሩወርቅን በር አንኳኩ።

«ጥሩዬ፣ አንዲት ድንጋይ ብትቀይሪልኝ ብዬ ነበር። ወንበር ላይ እንዳልወጣ ይሄ ጉልበት አስቸገረኝ።»

«እርስዎ ወንበር ላይ ሊወጡ? ሞቼ እገኛለሁ!» አለች ደረቷን መታ አድርጋ። «ነገ ራሴ መጥቼ እቀይርልዎታለሁ። እንዳይነኳት፣ እሺ ጋሼ?»

ነገ መጣ፣ ሄደ። ሌላም ነገ ሄደ። ጋሽ ደምመላሽ ግን ተመልሰው አላንኳኩም። ሰው አታስቸግር ተብለው ነው ያደጉት፤ አንድን ነገር ሁለቴ ከመለመን ሞት ይሻላል የሚሉ ዓይነት ሰው ናቸው። በአሥረኛው ቀን የወለሉ የመልእክት ሰሌዳ ላይ አንዱ «ይሄ የሚጮኸው የማን ቤት ነው? ልጅ ማስተኛት አቃተን እኮ!» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሃያ ሰው «እውነት ነው» አለ። ሃያ ሰው፣ እናንተዬ! ከሃያው አንዱ ተነስቶ ቢያንኳኳ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጩኸቱ ቆመ። ጣሪያው ላይ ያለው ቁጥርም ጠፋ። ወለሉ ሁሉ ተመስገን ብሎ ተኛ።

ጋሽ ደምመላሽ ግን ደስ አላቸው። በእሳቸው የሥራ ዘመን አንዲት አነፍናፊ ዝም ስትል «ምን ሆነው ይሆን?» ተብሎ ሰው ይላክ ነበር። እንግዲህ አሁን የግድ ሰው ይመጣል። ሻይ አፈሉ፣ ሁለት ብርጭቆ አወጡ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁ። በነጋታውም ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ብርጭቆ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሱት።

ደንቡ ከተለወጠ ስንት ዓመቱ! ዘበኛው አሁን ሰው አይልክም። ሦስት ቀን ሙሉ ትንፋሽ ጠብቆ ሲያጣ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት «የ6214 ነዋሪ አርፈዋል» ብሎ ለእድሩ አስታወቀ።

እዚህ ላይ እድራችንን ማማት ነውር ነው። ወገናችን ለቀብር ሲሆን ማን ብሎት! በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ከኮሪደሩ ግድግዳ ተነፍቶ ወጣ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተጣደ። የማይተዋወቀው ሁሉ ተቃቅፎ አለቀሰ። የሟቹን በር ያንኳኳ ግን አልነበረም። ዘበኛው ሞተዋል ካለ ማን ይክፈት ተብሎ ይንኳኳል?

ጋሽ ደምመላሽ ለቅሶውን ሰሙ። «ወይ ጉድ፣ ማን ሞተብን?» ብለው ጥቁር ኮታቸውን ለበሱ፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርተው አያውቁም። ድንኳኑ ጥግ እንደ ተቀመጡ አጠገባቸው ያለ ጎልማሳ ንፍሮ አቀበላቸው።

«ሟቹ ማን ናቸው፣ ወንድሜ?»

«አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ 6214 የሚኖሩ።» ሰውየው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እንኳ አላውቃቸውም። ግን በጣም ደግ ሰው ነበሩ።»

ንፍሮው አፋቸው ውስጥ ቀረ። ለካ የገዛ ራሳቸውን ንፍሮ እየበሉ ነው! ከፊት ለፊት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ደረቷን ትደቃለች። «እኔን ይድፋኝ ጋሼ! አንድ ቀን እንኳ ገብቼ እንዴት ዋሉ ሳልልዎት!» ትላለች። እንባዋ እውነተኛ ነበር። ጋሽ ደምመላሽን ያናደዳቸውም እሱ ነው፤ እንዲህ አድርገው የሚወዷቸው ከሆነ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?

ተነስተው ቆሙ። «ጥሩዬ፣ በቃሽ። አለሁ።»

«በስመ አብ!» ብላ ተዝለፈለፈች። ወንበር ተገለበጠ፣ ንፍሮ ተደፋ፣ ገሚሱ አማተበ፣ ገሚሱ ሸሸ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ይርዳው ጠጋ ብሎ እጃቸውን ዳበሰና «ትኩስ ነው! ሰውየው ትኩስ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞረ። «ዘበኛው! ተሳስተሃል፣ ሰውየው እዚህ ቆመዋል!»

«ሞት የሚሰረዘው ትንፋሽ በቤቱ ሲቆጠር ነው» አለ ዘበኛው በዚያ በማይቸኩል ድምፁ። «ካልተቆጠረ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ለተረኛ ይሰጣል።»

ጋሽ ደምመላሽ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የምስር ፍሬ የምታህለውን ድንጋይ አወጡ። መዳፋቸው ላይ አድርገው ለለቀስተኛው ሁሉ አሳዩ።

ከዚያማ ግር ብሎ ተገባ። ሁሉም ወንበር ልያዝ፣ ሁሉም እኔ ልውጣ አለ። የወጣችው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናት፤ ክዳኗን ወደ ግራ አዞረች፣ ድንጋይዋን ከተተች። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። አነፍናፊዋ ነቃች፣ ቁጥሩም በራ።

«ትንፋሽ አርባ ሦስት» አለ ዘበኛው። «የነዋሪው ሞት ተሰርዟል።»

እልል ተባለ። ጭብጨባው ሳያባራ ዘበኛው መዝገቡን አንብቦ ጨረሰ። «በዚህ ቤት ከነዋሪው ሌላ ትንፋሽ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው ከሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ቀን በፊት ነው።»

አቶ ይርዳው ጫማውን አየ።

«እሱም የቧንቧ ሠራተኛው ነው» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «ተሳስቶ ነው የገባው፤ የተጠራው 6216 ነበር።»

አንዱ ሥራ አለብኝ አለ፣ አንዱ ልጅ ጥዬ ነው የመጣሁት አለ። ሲወጡ ሁሉም ጉልበታቸውን ሳመ። ጋሽ ደምመላሽ ዓይናቸውን ከጣሪያው አልነቀሉም። ሠላሳ ሆነ፣ አሥራ ሰባት ሆነ፣ አምስት ሆነ። መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቻ ቀረች።

«ወንበሩን ወደ ቦታው ልመልሰው፣ ጋሼ?»

«ተዪው። እዚያው ከሥሯ ይሁን።»

«ምን ይሠራልዎታል? ድንጋይዋ እኮ አሥር ዓመት ትቆያለች።»

«እሷማ ትቆያለች» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «እኔ ግን ሰው ሲናፍቀኝ ያን ያህል አልጠብቅም። ጉልበቴ ትንሽ ሻል ሲለው ወጥቼ አወጣታለሁ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ! ነገ ራሴ መጥቼ አይዎት የለ?» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

ቁጥሩ ወደ አንድ ወረደ።