ሁለተኛው ሚዛን

ስልኩ ሲጠራ ወርቅውሃ ተሰማ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኘው ቢሮዋ ተቀምጣ የሌላ አደጋ ፎቶዎች እየለየች ነበር።

«የኃይለልዑል ባለቤት ነኝ፤ እንግዳወርቅ» አለ የደከመ የሴት ድምፅ። «የጻፉትን ሪፖርት ልጄ አነበበችልኝ። ‹ሹፌሩ ከአቅም በላይ መጫኑን እያወቀ ነድቷል› ይላል። እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን። ባሌ ሃያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። አንዷን ክኒን ሦስቴ ይቆጥር ነበር። አሁን ለቅሶ የሚመጣው ሁሉ ‹ምነው እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው› እያለ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ተጎታቹን ቤት በዓይንዎ አይተውታል?»

ወርቅውሃ የያዘቻቸውን ፎቶዎች አስቀመጠች። ፊቷ ሲግል ተሰማት።

«አላየሁትም» አለች።

«እንግዲያው ይዩት» ብላ ሴትየዋ ስልኩን ዘጋች።

ወርቅውሃ አዲስ አበባ ሳለች የትራፊክ አደጋ መርማሪ ነበረች፤ አሜሪካ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ለአንድ የመድን ድርጅት ትመረምራለች። ከሥራ ባልደረቦቿ መካከል በዓይኗ ያላየችውን እንደማትፈርም የምትታወቀው እሷ ነበረች። በዚያ ሳምንት ግን ሥራ ተደራርቦባት፣ የኃይለልዑልን ፋይል ከፖሊስ ፎቶና ከአንዲት ወረቀት ተነሥታ በአርባ ደቂቃ ዘግታዋለች።

ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። ኃይለልዑል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ፣ በቅርቡ የገዛውን ባለ አልጋ ተጎታች ቤት በፒክአፑ እየጎተተ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ጉዞ ጀመረ። የኋላ ወንበሩ በዕቃ ስለተሞላ ፒክአፑ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሚስቱ እንግዳወርቅ፣ ልጁ ናዝራዊትና የሚስቱ ታናሽ ወንድም ፊልሞን፣ ይድነቃቸው በሚባለው የሠላሳ ዓመት ጓደኛው ቫን ተከተሉት። መንገድ ላይ አንድ የከባድ መኪናዎች ማረፊያ ቆመው ቁርስ በሉ። ተነሥተው ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄዱ፣ ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር፤ ፒክአፑንም ጠምዝዞ ከመንገድ አወጣው። ኃይለልዑል እዚያው ሞተ። ከሸሚዝ ኪሱ የማረፊያው የመኪና ሚዛን ወረቀት ተገኘ። ሰዓቱ በፈረንጁ አቆጣጠር 9:05 ይላል። ፒክአፑ ከተፈቀደለት 220 ፓውንድ፣ መቶ ኪሎ ያህል፣ በልጧል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወርቅውሃ የተጋጩ መኪናዎች ወደሚቀመጡበት ግቢ ሄደች። በፒክአፑ የሹፌር በር ጠርዝ ላይ ያለው ቢጫ ስቲከር ሳይላጥ ቀርቷል፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ1,420 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። ይህን ፎቶው ላይም አይታዋለች። ከዚያ ወደ ተጎታቹ ዞረች።

ከፊት ያለው የዕቃ ሣጥን ባዶ ነው። ወለሉ ላይ የጄኔሬተር አራት የጎማ እግሮች የተዉት አሻራ አለ፤ ጥግ ላይ ሁለት የማሰሪያ ቀበቶዎች በወጉ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ጄኔሬተሩን ያገኘችው ሌላኛው ጫፍ፣ ከተጎታቹ ኋላ ካለው አልጋ ሥር ነው። አጠገቡ ስድስት ካርቶን የታሸገ ውሃ አለ። ሁሉም በገመድ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። በዚያ ሁሉ መገለባበጥ ቋጠሮው አልላላም። ወርቅውሃ ተንበርክካ አየችው። በተሳበ ቁጥር ራሱን የሚያጠብቅ፣ ረጅም መንገድ ጭነት የሚያመላልሱ ሹፌሮች የሚቋጥሩት ዓይነት ነው።

ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና እዚያው ቆማ ቀረች። ቀበቶዎቹ አልተበጠሱም፤ በእጅ ተፈትተዋል። ይህን ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር።

በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ለቅሶ ቤት ሄደች። እንግዳወርቅ ሳሎኑ ውስጥ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች።

«ተጎታቹን የጫነው ማነው?» አለች ወርቅውሃ።

«ራሱ ነው። ሰውም አላስነካ። ከባድ ከባዱን ከፊት አድርጎ በቀበቶ ጠፈረው። ገመድ መቋጠር አይሆንለትም፤ የጫማ ክሩም ይፈታበት ነበር።»

«ማረፊያው ላይስ?»

እንግዳወርቅ ዓይኗን ወደ ምንጣፉ ጣለች። «ተመዝኖ መጣና ‹በዝቷል፣ እንመለስ› አለ። እኔ ነኝ... ‹ቤተክርስቲያኑ ሁሉ መሄዳችንን ሰምቷል፤ ከግማሽ መንገድ ተመለሱ ተብሎ ሊሳቅብን ነው?› ያልኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።»

ፊልሞን ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አነጋገራት።

«ቁርስ ላይ ከጠረጴዛው ተነሥተህ ነበር?»

«ባዝሩም ሄጄ ነበር።»

«ምን ያህል ቆየህ?»

«ትንሽ። ሃያ ደቂቃ... አላውቅም» አለ፤ ጆሮው ቀላ።

ናዝራዊት ኮሌጅ ልትገባ ጥቂት ወራት የቀራት ልጅ ናት። ጥያቄ በተጠየቀች ቁጥር ስልኳን በፊቱ እየደፋች፣ «ሪሊ፣ ምንም አላየሁም» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም።

ይድነቃቸውን ዊተን ባለው አፓርትመንቱ አገኘችው። አሥራ አምስት ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ በርክ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው።

«ያ ፒክአፕ ይበቃሃል ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ሳይጠየቅ። «ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ፓውንድ ይጎትታል። ተጎታቹ ስድስት ሺህ አራት መቶ ነው። ምን ጎደለው?»

«መጎተቱን አይደለም ጋሽ ይድነቃቸው፤ መሸከሙን ነው የምጠይቅዎት። የተጎታቹ አፍንጫ መኪናው ጀርባ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ጀርባው የጫነው ዕቃ አለ፣ ሹፌሩም አለ።»

«እሱም ቢሆን አላለፈም። እንዲያውም ሰማንያ ፓውንድ ይቀረው ነበር።»

«ሲመዘን አብረውት ነበሩ?»

«የለም የለም። እኔ ሚዛኑ ጋ ድርሽ አላልኩም። ስልክ ላይ ነበርኩ።»

ወርቅውሃ ማስታወሻዋ ላይ 80 ብላ ጻፈችና አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ሆና ወደ ማረፊያው ደወለች። የሚዛኑ ሠራተኛ መዝገቡን አገላብጦ፣ «ያ ፒክአፕ ሁለት ጊዜ ነው የተመዘነው» አላት፤ «9:05 ላይና 9:50 ላይ።» የሁለተኛውን ቁጥር ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ስልክ ፋይሉን ከመዝጋቷ በፊት መደወል ነበረባት።

በዚያው ወደ ናዝራዊት ተመለሰች። ልጅቷ የለቅሶ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ወርቅውሃም አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስልክሽ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አላውቅም» አለቻት። «ግን የምታፍሪበት ነገር ነው። እኔም ያፈርኩበትን ልንገርሽ። አባትሽን ‹እያወቀ ነድቷል› ያልኩት ተጎታቹን ሳላይ ነው።»

ናዝራዊት ስልኳን ከፍታ ሰጠቻት። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ 9:31። ኃይለልዑል ቁርስ ጠረጴዛው ላይ ሹካ በጨው ዕቃ ላይ አጋድሞ፣ በግራና በቀኙ ትንንሽ የስኳር ፓኬቶች እያስቀመጠ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ከካሜራው ጀርባ ሳቅ ይሰማል።

«አክሰንቱን ለማሾፍ ነበር የቀረጽኩት» አለች። «ለጓደኞቼ ላክሁት። ሳቁበት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ...»

የአሥራ ሁለተኛው ቀን መታሰቢያ ሰው እንዲመቸው ወደ እሑድ ተዛውሯል። ቅዳሴ ሲያበቃ ምእመኑ ወደ ለቅሶ ቤቱ ይመጣል። ወርቅውሃ ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ለመነች። እንግዳወርቅ፣ ናዝራዊት፣ ፊልሞንና ይድነቃቸው ለእንግዳ በተደረደሩት ወንበሮች መካከል ተቀመጡ። እሷ ግን ቆመች።

«መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች። «የጻፍኩት ስህተት ነው። አንዲት ወረቀት አገኘሁና ሌላ አልፈለግሁም። ጋሽ ኃይለልዑል ከአቅም በላይ መጫኑን አውቆ ነበር፤ ስላወቀም ‹እንመለስ› አለ። ታዲያ እንዴት ሄደ? ምክንያቱም ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ተመዘነና መኪናው ከልኩ በታች ሆነ።»

«ዕቃ ቀነሰ?» አለ ፊልሞን።

«ምንም አልተቀነሰም። ከፊት የነበረው ወደ ኋላ ሄደ። ከተጎታቹ ጎማ ፊት ያለ ክብደት መኪናውን ይጫነዋል፤ ከጎማው ኋላ ያለው ግን የመኪናውን ጀርባ ያነሣለታል። ጄኔሬተሩና ውሃው ቦታ ሲቀይሩ ከመኪናው ላይ ሦስት መቶ ፓውንድ ተነሣ። ሚዛኑ ደስ አለው። ግን አፍንጫው የቀለለና ጅራቱ የከበደ ተጎታች ቁልቁለት ሲያገኝ ይወዛወዛል። ጋሽ ኃይለልዑልን የገደለው ከመጠን ያለፈው ጭነት አይደለም፤ ሰው ያዘዋወረው ጭነት ነው።»

«ማን?» አለች እንግዳወርቅ።

«እሱ ራሱ ይሆን ብዬ ነበር። ግን 9:31 ላይ ከጠረጴዛው አልተነሣም። ናዝራዊት ቀርጻዋለች። ‹ከባዱ ከፊት ካልሆነ ጅራቱ ይነዳሃል› እያለ ነው። ይህን የሚያስተምር ሰው በራሱ እጅ ወደ ኋላ አይጭንም። እርስዎና ናዝራዊት አብራችሁት ናችሁ። ሁለት ወንበሮች ግን ባዶ ናቸው።»

ፊልሞን ብድግ አለ። «እኔ አይደለሁም!»

«አይደለህም። ቪዲዮው ላይ በመስኮቱ በኩል ከግንቡ ሥር ቆመህ ሲጋራ ስታጨስ ትታያለህ።»

ፊልሞን ወደ እህቱ ሊያይ አልቻለም። «በአባታችን ነፍስ ምዬ ነበር እንዳቆምኩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ መልሶም ተቀመጠ።

«ዕቃው የታሰረበት ገመድ የረጅም መንገድ ሹፌር ቋጠሮ ነው። ይህም ብቻውን ባልበቃኝ ነበር» አለች ወርቅውሃ፤ ወደ ይድነቃቸውም ዞረች። «ጋሽ ይድነቃቸው፣ ሚዛኑ ጋ አልደረስኩም ብለውኛል። እኔ በእጄ የነበረው ወረቀት 220 በልጧል ነው የሚለው፤ ቤተሰቡም የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። እርስዎ ግን ‹ሰማንያ ይቀረው ነበር› አሉኝ። ሰማንያ የሚለው ሁለተኛው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ የት አለ?»

ይድነቃቸው ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይመለከት ነበር።

«ቀደድኩት» አለ።

ዓይኑን ከእጆቹ ላይ ሳያነሣ ቀጠለ።

«‹ይድነቃቸው ተሳስቷል፣ እንመለስ› አለ ጠረጴዛው ላይ። ሊያዋርደኝ ብሎ አይደለም፤ እንዲሁ ነው ያለው። እኔ ግን መግቢያ አጣሁ። እናንተ ሁሉ አያችሁኝ። በሩ ላይ ያለውን ስቲከር እኔ አንብቤው አላውቅም። ለስንቱ ሰው መኪና መርጬ፣ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። ሥራዬ ትልቁ መኪና ላይ ነበር፤ ትንሹንም የማውቀው መሰለኝ። ጎማውን ልይ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩትና ዕቃውን ወደ ኋላ አዞርኩ። ከዚያ ‹ቅድም ጎማህ ሚዛኑ ላይ በትክክል አልወጣም፣ ድገመው› አልኩት። ወረቀቱን አየና ትንሽ አሰበ። ‹አንተ ካልክ እሺ› ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።»

«ጅራቱ እንደሚወዛወዝ አያውቁም ነበር?» አለች ወርቅውሃ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ለአንድ ሰዓት መንገድ ምንም አይሆንም አልኩ። ከኋላው ሆኜ መወዛወዝ ሲጀምር አየሁት። ስልክ በእጄ ነበር። ደውዬ ‹ቁም› ብለው ምክንያቱን ሊጠይቀኝ ነው። ‹አሁን ይስተካከላል› እያልኩ ነበር።»

እንግዳወርቅ አላለቀሰችም። «ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እዚህ ቤት ወንበር ስታነሣና ስትጥል ነበር» አለች። «ሰው ‹ምነው ኃይለልዑል ባይዳፈር› ሲል አጠገቡ ቆመህ ሻይ ስታድል ነበር።»

«አዎ።»

«ምን ብለህ ቻልከው?»

ይድነቃቸው ራሱ የደረደራቸውን ወንበሮች ተመለከተ።

«ከዚህ በኋላ ወደ ፖሊስ አብረን እንሄዳለን» አለች ወርቅውሃ። «አዲሱን ሪፖርት ዛሬ እፈርማለሁ።»

«ፖሊሱ ይቆያል» አለች እንግዳወርቅ።

ውጭ የመኪና በሮች ሲዘጉ ተሰማ። ነጭ የለበሰ ሰው በደረጃው መውጣት ጀመረ፤ አንድ ቄስ ከፊት፣ ከኋላቸው ወይዛዝርት ምግብ በትሪ ይዘው፣ ከዚያም የመኪና ምክር ለመጠየቅ ወደ ይድነቃቸው ሲደውሉ የኖሩት ሽማግሌዎችና ጎረምሶች። ሳሎኑ ሞላ፤ ኮሪደሩም ሞላ። ቄሱ ፍትሐቱን ሊጀምሩ መስቀላቸውን ሲያወጡ እንግዳወርቅ እጇን አነሣች።

«አባቴ፣ ይታገሡኝ። መጀመሪያ የሚናገር ሰው አለ።» ወደ ይድነቃቸው ዞረች። «ተነሥ። ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱ ንገራቸው።»

ይድነቃቸው የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሣ። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ከኋላ የቆሙት ሰዎች ያመመው መስሏቸው አንዱ ውሃ ሊያቀብለው እጁን ዘረጋ።

«የኃይለልዑል ጥፋት አይደለም» አለ።

«አልሰማንም!» አለ አንድ ሰው ከኮሪደሩ።

ይድነቃቸው ቀና ብሎ የሚያውቁትን ፊቶች ሁሉ አየ፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።