አሲድ ወላጅ

በያጁ ጠይብ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለችው ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ፊቱ ፊት መሆኑ ቀርቷል። አንድ መንገደኛ ጋቢውን ጣል አድርጎበት ነበር፤ ደሙ ጋቢውን አልፎ አስፋልቱ ላይ ደርሷል። ቀኑ ጥር 1970 ዓ.ም.፣ ዓርብ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የኦክስጅን ቦምቦላውን ሲከፍት ፈነዳበት።

መርማሪዋ መቶ አለቃ አመተ ሥላሴ ስትደርስ ከሬሳው ይልቅ በሕይወት ያለው ሰው አሳሰባት። የሟቹ የእህት ልጅ ረዲ፣ እዚያው ቤት ውስጥ የመኪና ባትሪ የሚሠራው፣ እጆቹን የፊጥኝ ታስሮ ተንበርክኳል። አጎቱን ከእሳት ሲጎትት መዳፎቹ ተልጠዋል። በዚያ ላይ አብዮት ጠባቂዎቹ በጠመንጃ ሰደፍ ከንፈሩን ሰንጥቀውታል። የተቃጠለ እጅ እንዴት በገመድ ይታሰራል? እነዚህም እኮ እናት ወልዳቸዋለች።

«አሻጥር ነው» አለ የጠባቂዎቹ መሪ ኃይለ ማርያም። «የባትሪ አሲድ ቦምቦላው ሥር ተገኝቷል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ባህረዲን ነው ያሳየን። አሲድ ደግሞ የዚህ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እርምጃ ይወሰድበታል፤ አይድከሙ ጓድ መቶ አለቃ።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት።»

«ስድስት ሰዓት አለኝ ማለት ነው። እስከዚያው እጁን ወደ ፊት አድርጋችሁ እሰሩት።»

ሬሳው አጠገብ በርከክ አለችና ጋቢውን ገለጥ አደረገች። ጠይብ የቆዳ ሽርጡን እንደታጠቀ ነው። ከሽርጡ ኪስ ውስጥ እጥፍ ብላ የተቀመጠች ነጭ የአቡጀዲ ቁራጭ አወጣች። አራቱም ጠርዟ በስፌት መኪና ተቀምቅሟል፤ እሳት አልነካትም። ስትዘረጋት መሃሏ ላይ ውኃ የመሰለ እርጥበት አየች። አሸተተችው። መልሳ አጥፋ በፖስታ ከተተችው።

ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ሁሉ ጥላሸት ለብሷል። የሻይ ብርጭቆዎቹ ዱቄት ሆነዋል፤ የብረት መደርደሪያው እንኳ ተገንድሷል። ከተሰነጠቀው ቦምቦላ ሥር ግን አንድ የአሲድ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዙሪያውን አሲድ ፈስሷል።

«ይህን ማን ነካው?»

«ማንም። ስንገባ እንዲሁ ነበር» አለ ኃይለ ማርያም።

በጣቷ ጠርሙሱን ዳሰሰችው። ጣቷ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ።

ረዲን ከጠባቂዎቹ ለይታ ጥግ ላይ አስቀመጠችው።

«አሲድ ኦክስጅን ያፈነዳል?»

ረዲ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሊስቅ ሞከረ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን በአሲድ የምሠራው ከቦምቦላው ጎን ነው፤ ማታ ነው ጠርሙሱን ጓሮ የማስቀምጠው። ቢያፈነዳ ኖሮ እኔና አጎቴ ድሮ ኮልፌ መቃብር ገብተን ነበር።»

«ምንድን ነው ታዲያ የሚያፈነዳው?»

«ቅባት። ኦክስጅን ባለበት ቅባት አይቀርብም። አጎቴ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይነካውም። ቦምቦላው ላይ የሚገጠመውን መለኪያ ማታ ማታ ይፈታዋል፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ ይሰቅለዋል። ጠዋት ይፈታና ጨርቁን ኪሱ ይከታል።»

«አንተን ለምን ባህረዲን ይጠቁምሃል?»

«እኔ እንጃ። ጋሼ ባህረዲን ይህን ሱሪ እንኳ በነጻ ነው የሰፋልኝ።»

ሚስትየው ሙሚና ጓሮ ተቀምጣለች። አታለቅስም። እንባዋን አምና አንድ ልጇ ጃፋር ከአልጋው ተወስዶ ሲቀር ጨርሳዋለች።

«እትዬ ሙሚና፣ ጠይብ የሚፈራው ሰው ነበር?»

«የሚፈልገው ሰው ነበር እንጂ። ጃፋርን ማን እንደጠቆመው የሚያውቅ አንድ እስረኛ በዚህ ሳምንት ተፈታ። ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለጠይብ ብቻ ሊነግረው ቀጥሮት ነበር። አሁን በምን አፉ ይናገራል፤ የጠይብን ሞት ሰምቶ እግሬ አውጪኝ ብሏል።»

«ቀጠሮውን ለማን ለማን አወራ?»

«ለኔ። ደግሞም ለሚያምነው ሰው ሳይነግረው አይቀርም፤ ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም።»

በጓሮው ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ውብሸት በሩ ላይ ተቀበላት። የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ በፍንዳታ ቦታ ላይ ኬሚስትሪ ማወቅ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል።

«ረቡዕ ማታ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ስለ ኦክስጅን አስተምሬአለሁ፤ አልዋሽም። ጋሼ ጠይብም ተነስተው ቅባት እንዳታስጠጉት ብለው መክረዋል። ከዚያ ‹ኦክስጅን› የሚለውን ስም ትርጉም ለክፍሉ ነገርኳቸው። ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ‹አሲድ ወላጅ› ማለት ነው።»

«እውነት አሲድ ይወልዳል?»

«ስሙን ያወጣው ሰው አሲድ በሙሉ ኦክስጅን ያለበት መስሎት ነበር። በኋላ ኦክስጅን የሌለበት አሲድ ተገኘ። ስህተቱ ታወቀ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።»

«ይህንንም ነገርካቸው?»

«የት አስደርሰውኝ። ካድሬው ሰዓቱ የመፈክር ነው ብሎ አስቆመኝ።»

ባህረዲን ሱቁ ውስጥ፣ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሷል። ሱቁን ከብየዳ ቤቱ የሚለየው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ወንድሜን አጣሁ። ስሰማ መጀመሪያ የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ በአሸዋ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ረዲ ይህን ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል? ግን እኮ የኦክስጅን ስሙም አሲድ ወላጅ ነው። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ይታወቃል።»

«ይታወቃል» አለች አመተ ሥላሴ፤ ዓይኗ መኪናው ላይ ካለችው የዘይት ማንቆርቆሪያ አልተነሳም።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ጥላሸታሙ ቤት ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኃይለ ማርያም ሰዓቱን አየ።

«ብርጭቆ ሁሉ በደቀቀበት ቤት ይህ ጠርሙስ እንዴት ቆሞ ተረፈ?» አለች። «ጥላሸት የሚባል የለበትም። የፈሰሰው አሲድም ወለሉ ላይ የነበረውን ጥላሸት አጥቦታል። እንግዲህ ጠርሙሱ የመጣው ከፍንዳታው በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ረዲ በተላጠ እጁ አጎቱን መንገድ ላይ አቅፎ ይጮህ ነበር፤ ሰፈሩ አይቶታል።»

«ይቀጥሉ» አለ ኃይለ ማርያም።

«ጠርሙሱን ያስቀመጠው ሰው አሲድ ኦክስጅንን ያፈነዳል ብለን እንድናምን ፈልጓል። በያጅ እንዲህ አይሳሳትም፤ የባትሪ ሠራተኛም አይሳሳትም። መምህሩም ስሙ ስህተት መሆኑን ያውቃል። የሚሳሳተው ረቡዕ ማታ ትርጉሙን ሰምቶ፣ ስህተቱ ሳይነገረው ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ነው። ያው ሰው በዚያችው ማታ ከጠይብ አፍ እውነተኛውን ነገርም ሰማ፤ ቅባት።»

አቡጀዲዋን ከፖስታው አወጣች።

«ይህች ጠይብ ኪስ ውስጥ ነበረች። መሃሏ በስፌት መኪና ዘይት ርሷል። መለኪያው አፉ ውስጥ ዘይት ተጨምሮበት ነው በዚህች የተጠቀለለው። እትዬ ሙሚና፣ ይህን ጨርቅ ማን ይሰጠዋል?»

ሙሚና ቀና አለች። «ጨርቁ ሐሙስ ሐሙስ ይቀየራል። ያን ማታ ጠይብ መግሪብ ሲሰግድ… ባህረዲን ነው አዲሱን ሰፍቶ የሚጠቀልልለት። ሃያ ዓመት።»

«ሃያ ዓመት የጠቀለልኩለትን ለምን?» አለ ባህረዲን።

አመተ ሥላሴ ወደ ኃይለ ማርያም ዞረች። «ጃፋርን የጠቆመላችሁ ማን ነው?»

የኃይለ ማርያም ዓይን ሳያዘው ወደ ልብስ ሰፊው ሄደ፤ ሁሉም አየው።

ባህረዲን ከብብቱ ትልቁን መቀስ መዘዘና ሙሚናን በአንገቷ ያዛት። ረዲ በታሰሩ እጆቹ ተወርውሮ በመካከል ገባ፤ መቀሱ ትከሻው ላይ ተሰካ። አመተ ሥላሴ ከወለሉ የብረት መፍቻ አንስታ የባህረዲንን የእጅ አንጓ መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። መቀሱ ወደቀ። ጠባቂዎቹ በሰደፍ አፉን እስኪያደሙት ድረስ ደበደቡት፤ በጩኸት አስቆመቻቸው።

«አምና ልጄን ሊወስዱት መጥተው ነበር» አለ ደም እየተፋ። «በሱ ምትክ ሌላ ስም ስጥ አሉኝ። የጃፋር ስም ነው አፌ ላይ የመጣው። ጠይብ ዛሬ ስሙን እንደሚሰማ ራሱ ነገረኝ፤ ደስ ብሎት ነገረኝ።»

ሙሚና አላየችውም። ወደ ኃይለ ማርያም ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ዛሬ በዚህ ሰው ቃል ረዲን ልትገድሉት ነበር። ጃፋርንስ በማን ቃል ነው የገደላችሁት?»

ኃይለ ማርያም ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና የረዲን ገመድ ሊፈታ ተንበረከከ። ቋጠሮው በደረቀ ደም ተጣብቆ እምቢ አለው። ሙሚና መቀሱን ከወለሉ አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው።

«ተወው፤ ቆዳው አብሮ ይነሳል» አለችና ገመዱን ቀስ ብላ፣ ክር በክር ትቆርጠው ጀመር። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል።