ሃያ ሦስተኛው ስም

ከሃያ ስድስቱ ስሞች አንዱ የውሸት ነበር።

ማርቆስ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ሃያ ሁለተኛውን ጠራ። አንድ ሽማግሌ «አቤት» አሉና ድንጋያቸውን ከክምሩ ላይ አኖሩ። የሸንተረሩ ልማድ ይኸው ነው። በጣሊያን ጊዜ እዚህ የወደቁት አርበኞች በውጊያው መታሰቢያ ቀን በየስማቸው ይጠራሉ። ስለ ሟቹ ዘመድ ይመልሳል።

ለጎብኚዎቹ ማርቆስ ከሐዋሳ በአውቶቡስ ያመጣቸው አስጎብኚ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ምሽግ አሳይቷል። ለስለላ መሥሪያ ቤቱ ግን በምስጢር ስሙ «ቆሮሶ» ነው።

ዛሬ የሚረከበው ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ነበር። በውስጧ መሣሪያ ለሚያሻግር ቡድን ያደሩ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስም አለ። መልእክተኛውን በመልክ አያውቀውም። የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው፦ ሃያ ሦስተኛው ስም ሲጠራ «አቤት» ይላል። ስሙን ማርቆስ ራሱ ካቻምና ፈጥሮ ለክፉ ቀን ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ይህን የሚያውቁት እሱ፣ መልእክተኛው እና አለቃው «አምባዛ» ብቻ ናቸው።

«ሰይፈሚካኤል ባህሩ።»

«አቤት።»

ድምፁ የአሮጊት ነበር።

ነጠላቸውን አጥብቀው የለበሱ ሴት ከሰዎቹ መሃል ወጡ። ማርቆስ ሊደግፋቸው ጠጋ አለ።

«ሟቹ ከየት ነበር የዘመቱት፣ እማማ?»

መልእክተኛ ቢሆኑ መልሱ «ከውኃው ማዶ» መሆን ነበረበት።

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ። ሙሉጌጥ እባላለሁ፤ ቤቴ አዲስ ከተማ ሰፈር ነው። አያቴ ሲዘምት እናቴ የስድስት ወር ልጅ ነበረች። የት እንደወደቀ ሳታውቅ ሞተች። አምና አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ ጎረቤቴ እዚህ ስሙ ሲጠራ ሰምታ ነገረችኝ።»

«ሰይፈሚካኤል የሚባል ብዙ ነው፣ እማማ።»

«ይብዛ። የእኔ አንድ ነው።» ቀና ብለው አዩት። «አስጎብኚው መልከ መልካም ነው ብላኝ ነበር። ከዓሣ ሌላ አታውቅም።»

ጎንበስ ብለው ከክምሩ ሥር አፈር በእጃቸው እየዘገኑ ትንሽ ከረጢት ሞሉና አፉን በክር አሰሩ።

«ለእናቴ መቃብር ነው።»

ከግራና ከቀኝ ሁለት ሰዎች ተንቀሳቀሱ።

ማርቆስ ጠዋት ሲሳፈሩ ሠላሳ አንድ ሰው ቆጥሯል። አሁን ሠላሳ ሦስት ናቸው። ከሁለቱ በቀር ሁሉም ድንጋይ ይዞ ነው የመጣው። የሁለቱ ዓይን አሮጊቷ ላይ ነው።

ስሙን የነገራቸው አለ።

እሱ አልተናገረም። መልእክተኛውም ገመድ በገዛ አንገቱ አያጠልቅም።

አምባዛ።

ከኋላ፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰች ወጣት ድንጋይዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። አሮጊቷ ሲመልሱ አፏን ከፍታ መልሳ ስትዘጋ አይቷታል። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ስልኩ ነዘረ።

«ዕቃው?» አለ አምባዛ።

ማርቆስ አሰላ። ሰዎቹ የሚፈልጉት ካርዷን ነው። ከረጢቱን ይፈቱታል፤ አፈር ያያሉ፤ አሮጊቷን ይለቃሉ። ወጣቷን ግን ከያዟት አትተርፍም።

«አሮጊቷ ጋ ነው። አውቶቡሱ ጋ ትሰጠኛለች።»

ስልኩን ዘጋና ሁለቱ ሰዎች በሚያዩት በኩል ዞረ። ከረጢቱን ከአሮጊቷ ተቀበለ፤ ክብደቱን መዘነ፤ መልሶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ።

«እስከ አውቶቡሱ እርስዎ ይያዙት። ለማንም እንዳይሰጡ።»

«ማን አፈር ይቀማኛል ብለህ ነው?»

ሃያ አራተኛውን ስም ጠራ።

ሁለቱ ሰዎች አሮጊቷን እንደ ልጅ ልጅ ደግፈው ወደ አንዲት ነጭ መኪና ይዘዋቸው ሄዱ። መኪናዋ በር ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ወደ ማርቆስ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ አትጠብቀኝ። ልጆቹ ቤቴ ድረስ ሊያደርሱኝ ነው። ተባረኩ።»

እጃቸውን አወዛወዙለት።

ሃያ አምስተኛውን ጠራ። ሃያ ስድስተኛውን ጠራ። ወጣቷ ድንጋይዋን ክምሩ ላይ አኑራ አለፈች። ሁሉም ወደ አውቶቡሱ ሲያመራ ማርቆስ ድንጋዩን አነሳ።

ካርዷ ከሥሩ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ አሞራ ገደል ከዓሣ ጋር ተጠቅልላ ከአምባዛ በላይ ላለ ሰው ደረሰች። በሦስተኛው ቀን አምባዛና ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ተያዙ። ወጣቷ ከከተማው ወጣች። ሥራው ተሳካ።

በዚያው ቀን ዓሣ አጥማጆች ከሐይቁ ደንገል መሃል የአንዲት አሮጊት አስከሬን አወጡ። ማርቆስ ከተሰበሰበው ሰው ጋር ቆሞ አየ። ከረጢቱ ከእጃቸው አንጓ ላይ ታስሯል።

ክሩ አልተፈታም።

ሰዎቹ ከፍተው እንኳ አላዩትም።

በዓመቱ ሌላ ስም ይዞ፣ ጢም አሳድጎ፣ ከመሃል ከተማ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ወደ ሸንተረሩ ተሳፈረ። መምጣት አልነበረበትም። አዲሷ አስጎብኚ ያንኑ ዝርዝር ይዛለች። ማንም አላረመውም።

«ሰይፈሚካኤል ባህሩ።»

አስጎብኚዋ ከወረቀቱ ቀና አለች።

«ሰይፈሚካኤል ባህሩ? የሚመልስ የለም?»

በእጁ ያለው ድንጋይ ሞቋል። አፉን አልከፈተም። ራሱን የደበቀ ሰው በሰው መሃል ድምፁን አያሰማም፤ ሃያ ዓመት የተማረው ይህን ነው።

ልጅቷ እርሳሷን አወጣችና ከስሙ ጎን «ዘመድ የሌለው» ብላ ጻፈች።

ድንጋዩን መንገድ ዳር ጣለና ተሳፈረ። አስጎብኚዋ በመቀመጫዎቹ መሃል በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። እሱ ጋ ስትደርስ ጣቷ እንደ ሌላው ቆጥሮት አለፈ።

«ሠላሳ አንድ» አለች ለሾፌሩ። «ሙሉ ነን። ንዳው።»