ደርቆ የቀረው ስክሪን

ሩታ ስም ከምትመዘግብበት ጠረጴዛ ውሃ ልትቀዳ ተነስታ ስትዞር ነው ያየችው። ወደ ሰልፉ የዞረው ስክሪን ላይ ያለው ስም ጠዋት የመዘገበቻት ሴት ስም ነው። አሁን ላፕቶፑ ላይ የጻፈችው ግን የሌላ ሰው ነበር።

አልደነገጠችም። ጅዳ ውስጥ የስደተኞች አፈሳ ከተጀመረና ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ የሚያስደነግጣት ነገር አልነበረም። የክፍል ጓደኛዋን ናኦልን ጠርታ አሳየችው። ወደ አገር የሚመለሱት ሰዎች ስማቸውን በዓይናቸው እንዲያረጋግጡ ብሎ ስክሪኑንና ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን አዳፕተር ወደ ኢትዮጵያውያን ኮሙኒቲው አዳራሽ ያመጣው እሱ ነው።

ናኦል ገመዱን ነካ ነካ አደረገና፣ አዳፕተሩ የራሱ ግራፊክስ ካርድ እንደሌለው ነገራት። ምስሉን የሚሠራው የላፕቶፑ ካርድ ነው፤ አዳፕተሩ የተሠራውን በዩኤስቢ ተቀብሎ ከማድረስ በቀር የሚጨምረው የለም። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ ሲጨናነቅ ያኛው ስክሪን የመጨረሻውን ምስል እንደያዘ ይደርቃል።

«ከደረቀ በኋላ ስንት ሰው አለፈ?» አለ።

«ሃያ ሦስት» አለች ሩታ። «ሁሉም አይተው ‹አይዋ፣ አዎ ልክ ነው› ብለዋል።»

ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። የሚችሉትም ሰው እንዳይቆጣቸው ፈርተው እሺ ብለው አልፈዋል።

ሩታ ተቀምጣ ዝርዝሩን ወደ ላይ መለሰችው። ከመካ የመጣችው ከሚሪያ ብቻዋን ተጽፋለች። የስድስት ዓመት ልጇ ጀሚላ ከሌላ ሴት ቤተሰብ ጋር ገብታለች፤ በተሳሳተ መስመር ያስገባቻት ሩታ ራሷ ናት። የዚያች ሴት አውቶቡስ ዛሬ ይሄዳል። የከሚሪያ ነገ ነው።

«እዚያ ሲደርሱ ያስተካክሉታል» አለ ናኦል። «ዝርዝሩን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልሰጠን አውቶቡሱ ባዶውን ነው የሚመለሰው። አንቺና እናትሽም ትቀራላችሁ።»

እናቷ እልፍነሽ ግድግዳው ሥር ሻንጣቸው ላይ ተቀምጣለች። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካበቃ አራት ወሩ ነው። ሂንዳዊያ ሰፈር የተከራዩትን ቤት ቁልፍ ጠዋት ስላስረከቡ ዛሬ ካልሄዱ የሚያድሩበት የለም። ሩታ አጠገቧ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«አውቶቡሱ ያመልጠናል» አለች እልፍነሽ። «እኔ ጠዋትም ታውቆኛል።»

ተይው ግን አላለችም። ዓይኗ ከሚሪያ ጭን ላይ የተኛችውን ልጅ ሲያይ ቆየና ወደ መሬት ተመለሰ።

ሩታ ወደ ጠረጴዛው ስትመለስ ስምንት ተኩል ሆኖ ነበር። አዳፕተሩን ነቀለችው። ከዚያ ላፕቶፑን ገፋ አድርጋ እሷም ሰልፈኛውም የሚያዩት ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«ያለፉትን ጥራልኝ። ከከሚሪያ ጀምር።»

«ኸላስ፣ በቃ አብደሻል» አለ ናኦል። ግን ሄደ።

ከሚሪያ እንቅልፍ ያልለቀቃትን ልጅ ታቅፋ መጣች። ምን አጠፋሁ በሚል ፊት ነበር የምታያት።

«እትዬ ከሚሪያ፣ አንድ በአንድ አነብልዎታለሁ። የሳትኩት ካለ ያስቁሙኝ።»

ከኋላዋ ሌሎቹ መሰለፍ ጀምረዋል። ሩታ ሰዓቱን ላለማየት ስልኳን በፊቱ ደፋችውና ማንበብ ጀመረች።