የኔሪ ብናኝ

ኦርሶላ ኔሪን የወደደችው ሥራው ለሦስተኛ ጊዜ በከሸፈበት ሳምንት ነው። በፍሎረንስ ዳርቻ ባለ የምርምር ተቋም እሷ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባለሙያ ነበረች። እሱ ደግሞ ከወይን ጭማቂ ተረፈ ምርት የሚወጣን አልኮል ያለ እሳትና ያለ ጭስ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ብናኝ ይሠራል። ብናኙ ፓላዲየም የሚባል ውድ ብረት ነው፤ ከዓይን ቀርቶ ከሐሳብ የደቀቀ። ናሙናውን በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ይዞላት መጣና፣ «ይቺን እይልኝ፤ ሞታ ከሆነ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አላት።

ሞታ ነበር። ቀስ ብላ ነገረችው። እየሳቀ ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ስታይ ልቧ ከእጇ ወጣ።

በብርዱ ወራት ነገሩ ተገለበጠ። የብናኙ ኃይል ከቀን ቀን እየጨመረ ሄደ። የኔሪ የሥራ ውል በሰኔ ያልቃል፤ ጽሑፉ ከታተመ ግን ውሉ ይታደሳል፣ ሪፍሬዲ ሰፈር ያዩትን ቤት ይከራያሉ፣ ስለ ሁለታቸውም ለእናቷ ይነግራሉ። ይህን ሁሉ ያጫወታት ምሳ ላይ፣ ከሳህኗ ቦሎቄ እየለቀመ ነው።

ጽሑፉ ሊላክ ሦስት ቀን ሲቀረው ኦርሶላ የመጨረሻውን ምስል ልታነሳ ተቀመጠች። ፓላዲየሙ ላይ፣ እዚያ ምንም ሥራ የሌለው ሌላ ብረት፣ ፕላቲነም ተበትኗል። ደጋግማ ለካች። በሙከራው ጊዜ ከብናኙ ትይዩ ፈሳሹ ውስጥ የሚነከረው የፕላቲነም ሽቦ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ ብናኙ ላይ ሲያርፍ ከርሟል። ኃይሉ የመጣው ከሽቦው እንጂ ከኔሪ ብናኝ አልነበረም።

ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም ለማለት ቆርጣም ነበር።

ከዚያ ጠርታ አሳየችው። ኔሪ ምስሉን ረጅም ጊዜ አየ፤ እሷን ግን አላየም።

«ለማን ነገርሽ?»

«ላንተ ብቻ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር፣ የኔ ፍቅር። እባክሽ።»

«ነገ ሌላ ሰው ሞክሮት ሲያጣውስ?»

«ነገ የሚባል እንዲኖረን እኮ ነው የምለምንሽ።»

አቅፋው እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። እንደማታወራ፣ ስሟን ግን ከጽሑፉ እንዲያወጣው ነገረችው። ከዚህ የባሰ ልትለው የምትችለው ነገር እንደሌለ የገባት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሁለት ቀን ስልኳን አላነሳም። በሦስተኛው ቀን የሆነውን ከክፍሉ ኃላፊ ሰማች። ኔሪ ሽቦውን በካርቦን ዘንግ ተክቶ ሙከራውን በአዲስ ብናኝ ደግሞታል፤ ኃይሉ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ጽሑፉን ራሱ አስቀርቶታል፤ የእሷን ስም አላነሳም።

ሰኔ ላይ ሰሜን ባለ የቀለም ፋብሪካ ሥራ አገኘ። ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘችው።

«አብሬህ ልምጣ?»

ሻንጣውን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው። «ትክክል ነበርሽ። ላመሰግንሽ ይገባኛል። ግን ፊትሽን ባየሁ ቁጥር ያ ምስል ነው የሚታየኝ።»

«እስኪለቅህ እጠብቅሃለሁ።»

«አትጠብቂኝ።»

ጠበቀችው። የሠርግ ጥሪ የሚያመጡላትን ጓደኞቿን እየሸኘች፣ የእናቷን ጥያቄ እየሸሸች ሁለት ዓመት ጠበቀችው።

በሦስተኛው ዓመት ደብዳቤው መጣ። አሁን ደህና እንደሆነ፣ እንቅልፍ እንደሚወስደው፣ ያን ጽሑፍ ልኮት ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ ሲሸማቀቅ ይኖር እንደነበር ጽፏል። መጨረሻው ላይ «አመሰግንሻለሁ፤ አሁን ከልቤ ነው» ይላል።

ሰው የሚያመሰግነው ቁስሉ ሲሽርለት ነው። ኔሪ ሽሮለታል። ኦርሶላ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ሳይቀር አየች፤ «ነይ» የሚል ቃል አጣችበት።