ያልሄደው ራጅ

ኢንስፔክተር ኢፍራህ ስትደርስ የሉቅማን አስከሬን በራጅ ቤቱ ጓሮ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። ሰዓቱ ዘጠኝ ነው፤ ድሬዳዋ ከቀትር እንቅልፏ አልነቃችም። ሉቅማን የቤቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር፤ ከሁለተኛ ፎቅ ጣሪያ ወድቆ ሞተ።

ያኔ ሕንፃው ውስጥ የነበረችው የካርድ ክፍሏ ፈርዶውሳ ብቻ ናት። ጠዋት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች። ለፖሊሶቹ ይህ በቃ፤ እጇን አሰሩት። የሟቹ እናት ወይዘሮ ሃሊሞ «ልጄን ማን ገፋብኝ?» ከማለት በቀር ቃል የላቸውም። መልስ ካልተገኘ ፈርዶውሳ ሁለት ልጆቿን ትታ እስር ቤት መውረዷ ነው።

ኢፍራህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትል ሴት ናት፤ የፖሊስ ባልደረቦቿንም ቢሆን ትጠረጥራለች። ጣሪያው ላይ ወጥታ አቧራውን አየች። ከዚያ የሉቅማንን ጓደኛና የሥራ ባልደረባ ዘገዬን አናገረችው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ለምን ቀድመህ ወጣህ?»

«ፋይል አልሄድ አለና አምስት ተኩል ላይ ወጣሁ። ኔትዎርክ ከሌለ ምን እሠራለሁ?»

አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ፈርዶውሳ አልገፋችውም» አለች። «ጣሪያው አቧራ ላይ ያለው የሉቅማን ዱካ ብቻ ነው፤ መፍቻውም አንቴናው ብሎን ላይ እንደቀረ ነው። በዚያ ሐሩር አንቴና ሲያስተካክል ራሱን አዙሮት ወደቀ። ግን አንቴናው ጤነኛ ነው፤ ሌላው ድረ ገጽ ሁሉ ይከፈታል። እምቢ ያለው አዲስ አበባ ላለው ሐኪም የሚላከው ራጅ ብቻ ነው። ብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ‹ፓሲቭ› የምትል፣ ለፋይል መንገድ የምትከፍት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለች። ምልክቷ ከጠፋ አድራሻው ይገኛል እንጂ ፋይል አያልፍም። ሉቅማን ምልክቷን ራሱ ስላደረገ፣ ሰው ይነካታል ብሎ አላሰበም፤ ዛሬ ግን ሰው አጥፍቷታል።»

የራጅ ቤቱ ባለቤት አቶ አብዲቃድር ኮምፒውተር ማብራት እንኳ አያውቁም፤ ፈርዶውሳም የይለፍ ቃሉ የላትም።

«ዘገዬ፣ አምስት ሰዓት ላይ የተላከው ፋይል በሰላም ደርሷል። አልሄድ ያለው ስድስት ከአሥር ላይ ነው። አንተ አምስት ተኩል ላይ ወጥተህ በምን አወቅህ?»

ዘገዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ተናዘዘ። ሉቅማን የታመመ አባቱን ሲያስታምም ሦስት ሌሊት አልተኛም ነበር። በዚህ ከተማ ኔትዎርክ ሲጠፋ ሰው በሩን ዘግቶ እስከ አሥር ሰዓት ይተኛል፤ ሉቅማንም እንዲሁ ያደርጋል ብሎ ዘገዬ ምልክቷን አጠፋት። ዘገዬ ከወጣ በኋላ ግን ከግመል የወደቀ አንድ ልጅ ከጀልዴሳ መንደር መጣ። ሉቅማን ያንን የራስ ቅል ራጅ ሳይልክ ዓይኑን ሊከድን አልቻለም።

ኢፍራህ ምልክቷን መለሰች፤ ራጁ ባንዴ ሄደ። ሐኪሙም ስብራት የለም ብሎ መለሰ። የፈርዶውሳ ካቴና ሲፈታ ማንም ደስ አላለውም።

ወይዘሮ ሃሊሞ ወደ ዘገዬ ዞሩ። «ሂድ ተኛ ብትለው ምን ነበረበት?»

«አይሰማኝማ፣ እማማ።»



«እኔም ጠዋት በር ላይ ተኛ ብዬ ለምኜው ነበር፤ አልሰማኝም» አሉና፣ አጠገቡ ተቀምጠው አብረውት አለቀሱ።