ቀይ አልሆን ያለች እስስት

ልጆች፣ ቁልፌ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ከአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን አባቷ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ከሕፃንነቷ ጀምሮ "ቁልፌ" ይላታል፤ ሰፈሩም ያንኑ ለመደ።

አንድ ሐሙስ ለምሳ ወደ ቤት ስትመጣ የአጥሩ ቁጥቋጦ ላይ አንዲት አረንጓዴ እስስት አገኘች። አንዱ ዐይኗ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ያያል። ቁልፌ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እስስቷን ይዛ ወደ ሱቁ በረረች።

"አባዬ፣ ላሳድጋት?"

አባቷ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። "ይቺ የዱር ናት፣ ቁልፌ። ምሳሽን እስክትበዪ እያት፤ ከዚያ ያገኘሽበት ቅርንጫፍ ላይ መልሻት።"

"እሺ" አለች። እሺ ማለት መቼም ቀላል ነው።

ግን ምን አደረገች መሰላችሁ? ባዶ የክር ካርቶን ፈልጋ እስስቷን ከተተችና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ደበቀቻት። በጠርሙስ ክዳን ውሃ፣ ከጎኑም የዳቦ ፍርፋሪ አኖረችላት።

"መለስሻት?" አለ አባቷ።

"አዎ፣ አባዬ።"

ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ጉራዋን ነዛች። "ሰኞ አመጣታለሁ። ቀይ ጨርቅ ላይ ሳስቀምጣት ቀይ ትሆናለች፤ ቢጫ ላይ ቢጫ።" ጓደኞቿ ሁሉ ከበቧት።

የልብስ ሰፊ ልጅ ቁራጭ ጨርቅ ይቸግራታል? ዓርብ ዕለት እስስቷን ቀይ ላይ አስቀመጠቻት። ቀይ አልሆነችም። ቢጫ ላይ አስቀመጠቻት። ቢጫም አልሆነችም፤ እንዲያውም ጠቆረች። "እልኸኛ" አለቻት ቁልፌ። ማታ ስትጸልይ ግን "እባክህ ቀይ አድርጋት" ብላ ጀምራ መጨረስ አፈረች።

ቅዳሜ እስስቷ ይበልጥ ጠቁራ፣ ዐይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው አገኘቻት። ውሃው እንዳለ ነው። ፍርፋሪውም አልተነካም።

ያን ቀን የሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም የተቀደደ ነጭ ጋዋኗን ይዛ ወደ ሱቁ መጣች።

"ዶክተር፣ ኪሱን ማን እንዲህ አደረገው?" አለ የቁልፌ አባት።

"ፍየል ናት። እስክሪብቶዬን ፈልጋ።"

ሁለቱ ሲስቁ ቁልፌ ጥግ ቆማለች። ብትናገር ውሸቷ ይወጣል። ዝም ብትል እስስቷ ትሞታለች። ጎንበስ ብላ ካርቶኑን ጎተተችው።

"አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። አልመለስኳትም። ልትሞትብኝ ነው።" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

የአባቷ መቀስ ቆመ። ሐኪሟ ካርቶኑ ውስጥ አየች።

"እስስት ከዕቃ ውሃ አትጠጣም፣ ልጄ። ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ ነው የምትልሰው። ዳቦም አይሆናትም፤ ዝንብና ፌንጣ አድና ነው የምትበላው።"

"ቀይስ ለምን አልሆን አለች?"

"ጨርቅ አይታ መች ትለወጣለች? ሲበርዳት፣ ስትፈራ፣ ስትታመም ትጠቁራለች። በመጥቆሯ ይህንኑ ስትነግርሽ ነበር።"

አባቷ ልብስ ሲተኩስ የሚጠቀምበትን የውሃ መርጫ አነሣ። ሦስቱም ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ። ቁልፌ እስስቷን ቅርንጫፉ ላይ አስቀመጠቻት፤ አባቷ ቅጠሉን ረጨው። ጠበቁ፤ ጠበቁ። በመጨረሻ እስስቷ አንገቷን ቀና አድርጋ አንዷን ጠብታ ላሰች፤ ከዚያ ሌላዋን። ፀሐዩ ሲሞቃት ቀስ በቀስ አረንጓዴነቷ ተመለሰ።

"ታዲያ ቤት ውስጥ የሚያድግ እንሽላሊት የለም?" አለች ቁልፌ አፍንጫዋን እየጠረገች።

"አለ እንጂ" አለች ሐኪሟ። " ሰው ቤት የተፈለፈሉ፣ ከሰው ጋር የተላመዱ አሉ። ለእነሱም ሙቀቱ፣ ብርሃኑ፣ ምግቡ በየቀኑ ነው። አርጃኖ የሚባለውን ግዙፍ እንሽላሊት ግን እንዳትመኚ፤ ሲያድግ አልጋሽን ይወስድብሻል።"

አባቷ እጇን ያዘ። "መዋሸትሽ አስከፍቶኛል፣ ቁልፌ። ራስሽ አውጥተሽ መናገርሽ ግን ልቤን አሳርፎታል። ሰኞ ለጓደኞችሽም እውነቱን ትነግሪያቸዋለሽ።"

ነገረቻቸው። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ከትምህርት በኋላ ግን አምስት ጓደኞቿ ተከትለዋት መጡ፤ በየተራም መርጫውን ተቀባበሉ። እስስቷን ማንም አልነካትም። እሷም አንዱን ዐይኗን በእነሱ ላይ፣ ሌላውን ዝንብ ላይ አድርጋ አረንጓዴ ሆና ተቀመጠች።

ልጆች፣ እግዚአብሔር የፈጠረውን ፍጥረት የምንወድ ከሆነ በውሸት ሸሽገን የእኛ ልናደርገው ሳይሆን ለእሱ የሚበጀውን ልናደርግለት ይገባል።